ከቆሮሶ ቆዳ ያወጣሁት ኮላጅን ነው ወይስ ጄላቲን?

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከቆሮሶ (ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ) ቆዳ ኮላጅን የሚባለውን የቆዳ ዋና ፕሮቲን ማውጣትና ጠባዩን መለየት ነው። ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፣ ልጆቹ ቢላ ይዘው ሲገፉና ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው የሚጣለውን ሲጠብቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ሆድ ዕቃና ቆዳ ነው። የዚያ ቆዳ መጣል ከልጅነቴ ጀምሮ ይቆጨኝ ነበር። የጥናት ርዕስ ምረጪ ስባል ሌላ ነገር አልታየኝም።

ያደረግሁትን ሳልደብቅ በቅደም ተከተሉ ልናገር፤ ስህተቱ የት እንደሆነ የሚያይ ሰው ካለ ብዬ ነው።

6 ኪሎ ቆዳ ከሐዋሳ በበረዶ ሣጥን ይዤ አዲስ አበባ መጣሁ። ቅርፊቱን ፋቅሁ፤ የተጣበቀውን ሥጋ በቢላ ጀርባ አነሣሁ፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እያደረግሁ ከተፍሁት። ኮላጅን ያልሆነው ፕሮቲን እንዲወጣ በ0.1 ሞላር ካስቲክ ሶዳ (በሊትር 4 ግራም) ለ24 ሰዓት ዘፈዘፍሁት፤ ፈሳሹን በየ8 ሰዓቱ ቀይሬያለሁ። እስኪጠራ አጠብሁ፤ ስቡን በ10 በመቶ ቡታኖል ለአንድ ቀን አስወጣሁ፤ እንደገና አጠብሁ። ከዚያ በ0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሦስት ቀን እያማሰልሁ ተውሁት።

በሁለተኛው ቀን ቁርጥራጩ አብጦ አብጦ የቀለጠ ብርጭቆ መሰለ። የማግኔት ማማሰያው ተይዞ መዞር አቆመ። ደንግጬ አሲዱን በእጥፍ ጨመርሁበት። ፈሳሹን በማንኪያ ሳነሣው እንደ ተልባ ልጋግ ክር እየሠራ ይወርድ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ድረስ አልመጣም። ጠዋት በር ስከፍት ቴርሞሜትሩ 21 ዲግሪ ያሳያል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ግን የስንት ቀን ሥራ ስለሆነ አልጣልሁትም። በሴንትሪፊውጅ አጣራሁት፤ ጨው ጨመርሁበት፤ ነጭ ክር ክር የሚል ነገር ወረደ። ያንን መልሼ በአሲድ አሟሟሁት፤ ፕሮቲኑን ይዞ ጨውንና አሲዱን በሚያሳልፍ የዲያሊሲስ ከረጢት ጨውንና አሲዱን አጠብሁ። በቅዝቃዜ የሚያደርቀው ማሽን ተበላሽቶ ጥገና እየጠበቀ ስለነበር በማድረቂያ ምድጃ በ50 ዲግሪ ለሁለት ቀን አደረቅሁት።

ያገኘሁት ቢጫ፣ ጠንካራ፣ እንደ ደረቅ ሙጫ የሚሰባበር ቅጠል ነው። ከ100 ግራም እርጥብ ቆዳ 5.8 ግራም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ይረጋል። የኢንፍራሬድ ምርመራው የሚጠበቁትን ጫፎች ሁሉ አሳይቷል፤ 3300 አካባቢ፣ 1650፣ 1550፣ 1240። ፕሮቲኑን በመጠኑ የሚለየው ኤሌክትሮፎሬሲስ ግን ከላይ እስከ ታች የተለቀለቀ ጥላ ነው፤ 120 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ደብዘዝ ያለ መስመር ብቻ ይታያል።

አብረውኝ የሚሠሩት «ኢንፍራሬዱ ከገጠመ ገጠመ ነው፣ ኮላጅን ብለሽ ጻፊ» ይሉኛል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለማስረከብ 7 ሳምንት ቀርቶኛል። ያበላሸው የመብራቱ መጥፋት ነው? ኮላጅን ብዬ መጻፍስ እችላለሁ? ምርቱስ ለምን አነሰ?

የሞጆው ቆዳ አልፊ

እህቴ፣ መብራቱን አትውቀሺው። ዕቃሽን ያበላሸው ምድጃው ነው።

እኔ ኬሚስት ነኝ፤ 22 ዓመት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዓሣ ኮላጅን አውጥቼ አላውቅም። ቆዳ ማልፋት ማለት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኮላጅን ሥራ ነው፤ ሌላውን ሁሉ እናስወጣና እሱን ብቻ እናስቀራለን። ስለዚህ የጻፍሽውን ሳነብ እያንዳንዱ ነገር የማውቀው ሆነብኝ።

ከማበጡ ልጀምር፤ ያስደነገጠሽ እሱ ስለሆነ። ያ ጥፋት አልነበረም። ቆዳ አሲድ ውስጥ ሲገባ በኮላጅኑ ላይ ያሉት ኃይለ ኤሌክትሪኮች ሁሉ አዎንታዊ ይሆናሉ፤ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ውሃ ይገባና ያብጣል። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ይህ እንዳይደርስ አስቀድመን ጨው እንጨምራለን፤ ጨው የሌለበት በርሜል ውስጥ አሲድ የጨመረ ሠራተኛ የዚያን ቀን ቆዳ በሙሉ አጥፍቷል። አንቺ ግን የምትፈልጊው ተቃራኒውን ነው፤ አብጦ፣ ተላቅቆ እንዲሟሟ። ማማሰያው የተያዘው ፈሳሹ ስላነሰ ብቻ ነው። አሲድ መጨመርሽ ትክክል ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ የማግኔት ማማሰያ ማሞቂያው ቢዘጋም ሞተሩ ራሱ ሳህኑን ያሞቀዋል። ከቢከሩ በታች ወፈር ያለ ስፖንጅ ቢጤ አድርጊ፤ ቴርሞሜትሩንም ፈሳሹ ውስጥ እንጂ ማቀዝቀዣው ውስጥ አታስቀምጪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮላጅን ሦስት ክር ተገምዶ የተሠራ ገመድ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ግምዱ ይፈታል፤ ሦስቱ ክሮች በየራሳቸው ይሆናሉ። የተፈታው ነው ጄላቲን የሚባለው። የሚፈታበት ሙቀት እንደ እንስሳው ይለያያል፤ ዓሣው የሚኖርበት ውሃ ሞቃት ከሆነ ኮላጅኑም ሙቀት ይችላል። ቆሮሶ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። ፈሳሽ ውስጥ ያለ የቆሮሶ ኮላጅን 30 ዲግሪን አልፎ እስከ 30ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይጸናል። 21 ዲግሪ አይፈታውም። ማስረጃውም ራስሽ የጻፍሽው ነው፤ መብራት ከመጣ በኋላ ጨው ስትጨምሪ ነጭ ክር ወረደ ብለሻል። በደንብ የተፈታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ክር አይወርድልሽም ነበር።

50 ዲግሪ ግን ሌላ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው። ደረቅ ኮላጅን ሙቀት ይችላል፤ እርጥብ ኮላጅን አይችልም። ያለፋ የጫማ ቆዳ ፀሐይ ላይ ቢውል ምንም አይሆንም። ከገጠር የሚመጣልንን ጥሬ ቆዳ ግን እይው፦ ገበሬው ቶሎ እንዲደርቅለት ጠራራ ፀሐይ ላይ መሬት ለመሬት ያሰጣዋል። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይግላል። ለዓይን ጤነኛ ቆዳ ነው፤ ገዥውም ሳያውቅ ይከፍልበታል። እኛ ጋ መጥቶ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ግን እዚህም እዚያም ቀልጦ ይበሳሳል። ውስጡ ጄላቲን ሆኗላ። በሥራ ዘመኔ በዚህ ምክንያት የተጣለውን ቆዳ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያንቺ ምድጃ ያ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው እርጥብ ነገር በሁለት ቀን እስኪደርቅ ድረስ በ50 ዲግሪ ተቀቀለ። ቢጫ ሙጫ የሆነውም፣ ለብ ባለ ውሃ ሟሙቶ በቅዝቃዜ የሚረጋውም ለዚህ ነው። በቅዝቃዜ የደረቀ ኮላጅን ነጭ ነው፤ እንደ ጥጥ ይነጫል እንጂ አይሰበርም።

ስለ ኢንፍራሬዱ፦ ጓደኞችሽ ክፉ አላሰቡም፣ ግን ተሳስተዋል። ጨረሩ በዋናነት የሚያየው ክሩን እንጂ ግምዱን አይደለም። ጄላቲንም እነዚያኑ ጫፎች ያሳያል። በ1240 እና በ1450 ያሉትን ጫፎች አካፍሎ ወደ 1 ከቀረበ ግምዱ አለ የሚሉ አሉ፤ እሱን ደጋፊ አድርገሽ ልትጠቅሽው ትችያለሽ፣ ብቻውን ግን አትቁሚበት።

ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች ልንገርሽ። አንደኛው የውፍረት ሙከራ ነው። ያልደረቀ ፈሳሽ ካለሽ በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ አቅጥነሽ ከ20 ዲግሪ ጀምሮ በየ2 ወይም በየ3 ዲግሪው ለ30 ደቂቃ የውሃ ገንዳ ውስጥ አቆዪው። በየደረጃው በቪስኮሜትር (በፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ለኪ፤ ከሌለ በ10 ሚሊ ሊትር ፒፔት ስበሽ እስኪወርድ ያለውን ሰኮንድ ቁጠሪ፤ የውሃውን ሰኮንድም በዚያው ሙቀት ለክተሽ አወዳድሪ። ገመዱ ሲፈታ ውፍረቱ ገደል እንደወደቀ ያህል ይወርዳል። ውፍረቱ በግማሽ የወረደበት ዲግሪ የሚፈታበት ሙቀት ነው። ሁለተኛው ከጥሬው ቆዳ ላይ ነው፦ ቀጭን ቁራጭ ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ ውሃ ውስጥ አንጠልጥዪና ውሃውን ቀስ አድርገሽ አሙቂ። በሆነ ዲግሪ ላይ በድንገት ሲኮማተር በዓይንሽ ታያለሽ። የላም ጥሬ ቆዳ 60ዎቹ ውስጥ ነው የሚኮማተረው፤ የዓሣ ከዚያ በታች ነው። ይህ ቁጥር ፈሳሹ ውስጥ ከምታገኚው በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ቆዳው ውስጥ ገመዶቹ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነው፣ እንዳትደናገሪ።

ማሽኑ እስኪጠገን ለማድረቅ ደግሞ የአዲስ አበባ ብርድ ይበቃሻል። ሰፊ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ስስ አድርገሽ አፍስሺው፤ በክፍል ሙቀት ቬንትሌተር ክፈቺበት። ስስ ወረቀት ሆኖ ይነሣልሻል።

ኮላጅን ብለሽ አትጻፊ። ያለሽ የደረቀው ነገር ጄላቲን ነው፣ ያንን ብለሽ ጻፊው። ለመሆኑ ከመድረቁ በፊት የተረፈ ፈሳሽ አለሽ?

ዓሣ ነጋዴዋ

ልጄ፣ ስለ ኬሚካሉ አላውቅም፤ ስለ ቆዳው ግን እኔን ስሚኝ። ከተከመረው አታንሺ። ክምሩ ውስጥ ያለው የማለዳውም የረፋዱም ተደባልቆ ነው፤ ከሥር ያለው ሞቆ ሸትቷል። ማታ ሄደሽ ለሚገፉት ልጆች ንገሪያቸው፤ የራስሽን ሳፋ በበረዶ ሞልተሽ አጠገባቸው አስቀምጪ፤ ከዓሣው እንደተላቀቀ በቀጥታ ሳፋሽ ውስጥ ይጣሉት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የመጣውን አትውሰጂ። በሐይቅ ውሃም አታጥቢው፤ ንጹሕ ውሃ ይዘሽ ሂጂ። ለልጆቹም የሻይ ብለሽ ጥቂት ስጫቸው፤ ለቆዳ የሚከፍል ሰው አይተው ስለማያውቁ ይደሰታሉ። በዐቢይ ጾም ዓሣ በጣም ስለሚሸጥ ያኔ ከሄድሽ በአንድ ጠዋት የፈለግሽውን ያህል ታገኛለሽ።

ከበርገን

የሞጆው ወንድማችን ዋናውን ነገር ተናግሮታል። እኔ ኖርዌይ ውስጥ በዓሣ ፕሮቲን ላይ እሠራለሁ፤ እዚህ የምንሠራበት ኮድ የሚባለው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው። የእሱ ኮላጅን 15 ዲግሪ አካባቢ ይፈታል። መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ጊዜ የሙከራ ቱቦውን በጣቶቼ ይዤ ከሰው ጋር ሳወራ ቆየሁ፤ ስመለከተው ወፍራሙ ፈሳሽ በእጄ ሙቀት እንደ ውሃ ቀጥኗል። በአንድ ወሬ የአንድ ሳምንት ሥራ አለቀ። አንቺ የገጠመሽ ዓይነት የመብራት መቋረጥ እዚህ ቢደርስ አንድም ነገር አይተርፍም ነበር። የቆሮሶ ቆዳ እኛ አገር በነጻ የሚጣል ሆኖ፣ ለዚህ ሥራ ግን ከብዙ የባሕር ዓሣ የሚሻል ነው።

ምክንያቱም ሃይድሮክሲፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ገመዱን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ከ1000 አሚኖ አሲድ ውስጥ በኮድ ወደ 50፣ በቆሮሶ ወደ 80፣ በጥጃ ቆዳ ከ90 በላይ ይገኛል። ሙቀት የመቻል ቅደም ተከተላቸውም ያው ነው። በነገራችን ላይ ሃይድሮክሲፕሮሊን ለክተሽ ኮላጅን ለማስላት ካሰብሽ ለከብት የተዘጋጀውን ማባዣ ቁጥር አትውሰጂ፤ ለዓሣ ስትጠቀሚበት ኮላጅኑን አሳንሶ ያሳይሻል።

ስለ ኤሌክትሮፎሬሲሱ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያም ቢሆን ናሙናው ከዲተርጀንት ጋር ስለሚፈላ ግምዱ ይፈታል፤ ስለዚህ ጥሩ ኮላጅንም በጥንቃቄ የተሠራ ጄላቲንም አንድ ዓይነት መስመር ሊያሳዩ ይችላሉ። ያንቺ ጥላ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ክሮቹ መፈታት ብቻ ሳይሆን ተቆራርጠዋል። እርጥብ ሆኖ፣ የአሲድ ቅሪት ይዞ፣ ሁለት ቀን በ50 ዲግሪ ከቆየ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጤነኛው ናሙና ሁለት ግልጽ መስመር 120 ኪሎዳልተን አካባቢ ያሳይሻል፤ የላይኛው ከታችኛው በእጥፍ ያህል የደመቀ ይሆናል። አንደኛው ዓይነት ኮላጅን ሁለት አልፋ አንድ ክርና አንድ አልፋ ሁለት ክር ስላለው ነው። ከ200 በላይ ደግሞ የተጣመሩት ይታያሉ።

ኮላጅንና ጄላቲንን በአንድ ቱቦ የሚለይ ሙከራ ላሳይሽ። ጄላቲን ሲቀዘቅዝ ነው የሚረጋው። ኮላጅን ደግሞ በተቃራኒው ሲሞቅ ይረጋል። በረዶ ላይ ያለ 9 ሚሊ ሊትር የኮላጅን ፈሳሽ ላይ 1 ሚሊ ሊትር በ10 እጥፍ የጎላ የፎስፌት ጨው ብጥብጥ ጨምሪ፤ በካስቲክ ሶዳ ጠብታ ፒኤቹን ወደ 7.4 አምጪው። ሁሉም በረዶ ላይ ይሁን። ከዚያ 28 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቁሚው። ገመዶቹ ጤነኛ ከሆኑ ራሳቸውን ደርድረው ቃጫ ይሠራሉ፤ ፈሳሹ እንደ ወተት ይነጣል፣ ይረጋል። ጄላቲን ከሆነ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ምርቱ ያነሰብሽም ሌሎች ከሚጽፉት ጋር ስታወዳድሪ መሠረቱን ስላላየሽ ይመስለኛል። አብዛኞቹ የሚያሰሉት በደረቅ ቆዳ ክብደት ነው። የቆዳሽን እርጥበት ለክተሻል? ደግሞም አሲዱ ያላሟሟውን ቁርጥራጭ አትጣዪ። ዕድሜው በገፋ ዓሣ ኮላጅኑ በጫፎቹ በኩል እርስ በርስ ተሳስሮ ስለሚቀር አሲድ ብቻውን አያላቅቀውም፤ ፔፕሲን የሚባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም እነዚያን ጫፎች ይቆርጥና ገመዱን ሳይነካ ያወጣልሻል።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱንም መልሶች አትሜ ከጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ቦታው ላይ ነው ያረፈው። ከረጢቶቹን ወደ ንጹሕ ውሃ ሳሻግር አንዱ ከረጢት ማቀፊያው ውስጥ ስላልገባ በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ረስቼው ነበር፤ የተረፈ ፈሳሽ አለሽ ወይ ያሉትን ሳነብ ነው ትዝ ያለኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቱቦውን ሙከራ ሠራሁ። ሁለት ቱቦ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ከጠርሙሱ፣ ሌላው ከቢጫው ቅጠል በቀዝቃዛ አሲድ ያሟሟሁት። ፒኤቹን ሳስተካክል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዴ ጠብታው በዝቶ 8 ሲያልፍብኝ ደፍቼ እንደገና ጀመርሁ። ሁለቱን 28 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቆምሁና ቁጭ አልሁ። 10 ደቂቃ ምንም የለም። 15ኛው ላይ የመጀመሪያው ቱቦ ከወደ ግድግዳው ትንሽ ጭጋግ ያዘ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። በ25 ደቂቃ ከኋላው ያለው የግድግዳ ሰዓት አልታይ አለ። ቱቦውን አዘነበልሁት፤ አልፈሰሰም። ገለበጥሁት፤ እዚያው ረግቶ ቀረ። የቢጫው ቱቦ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የፒፔቱን ቆጠራ ጀመርሁ። 20፣ 23፣ 26 እና 29 ዲግሪ ላይ ሰኮንዱ በጥቂቱ ነው የቀነሰው። 32 ላይ ጉልህ ሆነ፤ 35 ላይ የውሃው ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለት ጊዜ ደግሜ እለካዋለሁ፤ በ31 እና በ36 መካከል በአንድ አንድ ዲግሪ።

ስለ ምርቱ፦ የቆዳዬ እርጥበት 66 በመቶ ነበር፤ መዝግቤው ስላልተጠቀምሁበት አዝናለሁ። በደረቅ ክብደት ሲሰላ 17 በመቶ ይመጣል። ያ ቁጥር ግን የቢጫው ቅጠል ስለሆነ ጄላቲን ከሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው የማስገባው። አሲዱ ያላሟሟው ቁርጥራጭ በረዶ ቤት ውስጥ አለ፤ ፔፕሲን የሚያውሰኝ አግኝቻለሁ።

አማካሪዬን ትናንት ማታ ደውዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ምድጃውንም። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሁለቱንም ጎን ለጎን አቅርቢያቸው፣ አንዱ ቆዳ በሁለት አደራረቅ ምን እንደሚሆን» አሉኝ። ርዕሱን ቀይረነዋል።

እናቴ፣ ሐሙስ ማታ ሐዋሳ እገባለሁ። ሳፋውን ገዝቻለሁ፤ አሁን ውሃ በጠርሙስ እየሞላሁ በረዶ እያሠራሁ ነው። ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ነኝ። በዚያ ሰዓት የሚገፉት ልጆች ካሉ፣ የትኛው በኩል እንደሚቀመጡ ብትነግሪኝ።

ዓሣ ነጋዴዋ

በጀልባዎቹ በኩል፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር። ነጭ ነጠላ ለብሼ እጠብቅሻለሁ።